ውሃ ጨውን ይከተላል፦ ኦአርኤስ ሲበጠብጡ ልኬቱ ለምን ይጠበቃል

ለተቅማጥ የሚሰጠው የኦአርኤስ ፓኮ ላይ የሚነበበው ትእዛዝ ሁለት መስመር አይሞላም፤ ዱቄቱን በሙሉ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጨምረው ይበጥብጡ ይላል። ቀላል ስለሆነ ይመስላል ብዙ ቤት ውስጥ እንደ ምክር ብቻ የሚታየው። አንዱ ፓኮውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለነገ ያስቀምጣል። ሌላው ልጁ ጠንከር ያለ ነገር ያስፈልገዋል ብሎ ውሃውን በግማሽ ይቀንሳል። ሌላው ደግሞ ጣዕሙ እንዲስማማ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨምርበታል። ሦስቱም ለልጁ አዝነው ነው፤ ሦስቱም ግን ፈሳሹን ከጥቅሙ ያርቁታል። ይህ ጽሑፍ ኦአርኤስ እንዴት እንደሚዘጋጅና እንዴት እንደሚሰጥ ደረጃ በደረጃ ያሳያል፤ እያንዳንዱን ደረጃ ግን ከነምክንያቱ ነው የሚያስቀምጠው። ምክንያቱ ያለው አንጀታችን ውስጥ፣ በዓይን በማይታዩት ህዋሳት ሽፋን ላይ ነው። ውሃ ወደ ህዋስ እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚወጣ የገባው ሰው ማንም ሳይቆጣጠረው ልኬቱን ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ። ያልገባው ሰው መመሪያውን በቃሉ ቢያውቀውም እንኳ በጭንቀት ሰዓት «ላሻሽለው» ማለቱ አይቀርም።

ስለዚህ ፓኮውን ከመክፈትዎ በፊት፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው በሌለበት ቀን፣ አንድ ድንች ያንሱ። ይላጡትና ከዚያው ከአንዱ ድንች ጣት ጣት የሚያህሉ ሁለት እኩል ቁራጮች ያውጡ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይቅዱ፤ አንዱ እንዳለ ይቀመጥ፣ በሌላው ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ያሟሙበት። ቁራጮቹን ለየብቻ ከተው ያሳድሯቸው። ጠዋት በተራ አንሥተው ለማጠፍ ይሞክሩ። ከንጹሑ ውሃ የወጣው ድርቅ ብሎ ያገኙታል፤ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ከጨው ውሃው የወጣው ልፍስፍስ ብሏል፤ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል፣ አጠገቡ ካለው ጋር ሲያስተያዩትም አንሷል። ከድንቹ ህዋሳት ውስጥ የነበረው ውሃ ወጥቶ ወደ ጨዋማው ውሃ ሄዷል። ሰላጣ ላይ ጨው ቀደም ብሎ ከተነሰነሰ ሳህኑ ሥር ውሃ የሚያቁረው፣ የቋንጣ ሥጋም ጨው ሲነካው የሚያዠው በዚሁ ሕግ ነው። ሳይንሱ ኦስሞሲስ ይለዋል፤ ፍሬ ነገሩ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይያዛል። ሁለት ወገኖችን ውሃ የሚያሳልፍ ሽፋን ሲለያያቸው፣ ውሃው ብዙ ነገር ወደ ሟሟበት ወገን ይሄዳል። ያንን የጨው ብርጭቆ አይርሱት፤ ኋላ ስለ ለስላሳ መጠጥ ስናነሣ ተመልሰን እንመጣበታለን።

አሁን ወደ ሽፋኑ እንቅረብ። የህዋስ ሽፋን በአብዛኛው ከቅባት የተሠራ ነው። አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ቢከፈል፣ የሽፋኑ ውፍረት ሰባት ወይም ስምንት ክፍል ያህል ብቻ ነው። ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህን ቅባት ሰርገው ያልፋሉ። ጨውና ስኳር ግን ውሃ ውስጥ እንጂ ቅባት ውስጥ ስለማይሟሙ ዝም ብለው ማለፍ አይችሉም፤ ከፕሮቲን የተሠራ፣ ለእነሱ ልክ የተሰፋ በር ያስፈልጋቸዋል። ውሃም ቢሆን በብዙ ህዋሳት ሽፋን ላይ የራሱ ቀዳዳ አለው። አኳፖሪን የሚባለውን ይህን መተላለፊያ አሜሪካዊው ፒተር አግሬ በ1992 እ.ኤ.አ. ለይቶ በማሳየቱ በ2003 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። በአንዱ መተላለፊያ በሰከንድ ሦስት ቢሊዮን ያህል የውሃ ሞለኪውሎች ሊያልፉ ይችላሉ። እዚህ ላይ ግን ለዚህ መመሪያ ዋና የሆነ ነገር አለ። መተላለፊያው ክፍት መንገድ ነው እንጂ ውሃውን አይገፋም። ሰውነታችን ለሶዲየም ፓምፕ አለው፣ ለካልሲየም ፓምፕ አለው፣ ለአሲድ ፓምፕ አለው፤ ለውሃ የታወቀ ፓምፕ የለውም። ውሃን ማንቀሳቀስ ሲፈልግ ያለው ዘዴ አንድ ነው፤ የሟሟ ነገር ከዚህ ወዲያ ያሻግራል፣ ውሃውም ይከተላል። ስለዚህ ፈሳሽ ለተሟጠጠበት ሰው ውሃ መስጠት ማለት፣ ውሃው የሚከተለውን ነገር አብሮ መስጠት ማለት ነው።

ያ የሚከተለው ነገር በትንሹ አንጀት ውስጥ በዋናነት ሶዲየም ነው፤ ማለትም ከገበታ ጨው ግማሹ ወገን። እያንዳንዱ ህዋስ ያለ እረፍት የሚሠራ ፓምፕ አለው፤ ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ ያስወጣና ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ለእያንዳንዱ ዙርም ኤቲፒ ከሚባለው የህዋስ ነዳጅ አንድ ቅንጣት ያቃጥላል። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ በ1957 ያሳወቀው ይህ ፓምፕ በ1997 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። በፓምፑ ሥራ ምክንያት ህዋሱ ውስጥ ያለው ሶዲየም ከውጭው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ውጭ የቀረው ሶዲየም ደግሞ በር ባገኘ ቁጥር ተግተልትሎ ለመግባት ዝግጁ ነው። የአንጀት ህዋስ ይህን ግፊት ተጠቅሞ ምግብ ያስገባበታል። በአንጀቱ ባዶ ወገን በኩል ያለ አንድ በር የሚሠራው ሁለት ሶዲየምና አንድ ግሉኮስ አብረው ሲመጡ ነው። ግሉኮሱን እንደ ሙሽራ፣ ሁለቱን ሶዲየሞች እንደ ሚዜ ይቁጠሯቸው፤ ሙሽራው ያለ ሚዜ አይገባም፣ ሚዜዎቹም ያለ ሙሽራ በዚያ በር አያልፉም፣ ውሃው ደግሞ አጃቢው ነው። ከገቡ በኋላ ፓምፑ ሶዲየሙን በህዋሱ ጀርባ ወደ ደም ወገን ያወጣዋል፣ ግሉኮሱም በሌላ በር ወደዚያው ይወጣል፣ ውሃውም ተከትሎ ወደ ደም ይገባል። ሶዲየምና ግሉኮስ ተጣምረው እንደሚገቡ ሐሳቡን መጀመሪያ ያቀረበው ሮበርት ክሬን ነው፤ በ1960 ፕራግ ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ላይ። ያኔ ይህ የጥናት ክፍል ጉዳይ ነበር።

ተቅማጥ ሲመጣ የሚሆነውን ለመረዳት መጀመሪያ የጤነኛውን አንጀት ሥራ ይገምቱ። በቀን ወደ ትንሹ አንጀት የሚገባው ፈሳሽ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሊትር ይደርሳል፤ ሁለት ሊትር ያህሉ የጠጣነው ነው፣ የቀረው ምራቅ፣ የጨጓራ ፈሳሽ፣ ሐሞትና ሌላው ሰውነት ራሱ የሚያፈሰው ነው። በዓይነ ምድር የሚወጣው ግን ከ100 እስከ 200 ሚሊሊትር ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተመልሶ ይመጠጣል። በኮሌራ ጊዜ የባክቴሪያው መርዝ የአንጀት ህዋስን የክሎራይድ በር ከፍቶ ይተወዋል። ክሎራይድ ወደ አንጀቱ ይጎርፋል፣ ሶዲየም ይከተለዋል፣ ውሃውም ሁለቱን ይከተላል። ድንቹን ያለዘዘው ሕግ ሰውን በሰዓታት ውስጥ የሚያሟጥጠው እንደዚህ ነው። ለእኛ ግን አንድ መልካም ነገር ቀርቶልናል፤ መርዙ የሙሽራውንና የሚዜዎቹን በር አይዘጋም። የጎርፉ በር ተከፍቶ ሳለም ግሉኮስና ሶዲየም ተጣምረው ከመጡ በዚያ በር ይገባሉ፣ ውሃውንም ይዘው ይሄዳሉ። የአብዛኛው አጣዳፊ ተቅማጥ ነገር እንደዚሁ ነው፤ በሩ ይዳከም ይሆናል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም።

ይህ እውቀት ከጥናት ክፍል ወጥቶ የሰው ሕይወት ያተረፈው ቤንጋል ውስጥ ነው። በ1968 ዳካ ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች የኮሌራ ሕመምተኞች ግሉኮስና ጨው ያለበት ፈሳሽ ሲጠጡ በደም ሥር የሚያስፈልጋቸው ፈሳሽ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳዩ። በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ሲነሣ ሚሊዮኖች ድንበር ተሻግረው ወደ ሕንድ ፈለሱ፤ ቦንጋኦን በሚባለው ስፍራ ኮሌራ ገባ። ሕሙማኑ ከአልጋ ተርፈው መሬት ላይ ተኝተው ነበር፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽም አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም ጨው፣ ግሉኮስና ሶዲየም ባይካርቦኔት እያስመዘነ በከረጢት አሳሸገ፣ በርሜል ውስጥ አስበጠበጠ፣ ሕሙማኑንም እናት፣ ወንድም፣ ጎረቤት፣ የተገኘው ሁሉ እንዲያጠጣቸው አደረገ። ሠላሳ በመቶ ይደርስ የነበረው ሞት ከአራት በመቶ በታች ወረደ። ልብ ይበሉ፤ አጠጪዎቹ የሕክምና ትምህርት አልነበራቸውም። በትክክል የተመዘነ ዱቄትና በትክክል የተለካ ውሃ ግን በእጃቸው ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ ማድ ቤት። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ፓኮው ላይ ለስንት ውሃ እንደተዘጋጀ ያንብቡ፤ የተለመደው ለአንድ ሊትር ነው፣ ለ200 ወይም ለ500 ሚሊሊትር የተዘጋጀም ግን አለ። ውሃውን አፍልተው፣ ከድነው፣ እስኪበርድ ይጠብቁ፤ ወይም ውሃ አጋር በሚባለው የውሃ ማከሚያ የታከመ ውሃ ይጠቀሙ። ለልኬቱ ባለ አንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ያጥቡና መጀመሪያ ሲገዛ ውሃው የነበረበትን ከፍታ በቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፤ በጆግ ወይም በጣሳ ግምት አይለኩ። ውሃውን እስከ ምልክቱ ይሙሉ፣ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይገልብጡት፣ ዱቄቱን ሳያስቀሩ ይጨምሩ፣ እስኪሟሟ ያማስሉ። ከተበጠበጠ በኋላ ዳግመኛ አያፍሉት፤ ሲፈላ ውሃው ተንኖ ጨውና ስኳሩ ስለሚቀሩ ልኬቱ ይዛባል። ፓኮውን ለሁለት መክፈልም የማይሆነው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ዱቄቱ የተለያዩ ጨዎችና የግሉኮስ ድብልቅ ስለሆነ ፓኮው ውስጥ አንዱ ወደ ታች ሌላው ወደ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ግማሽ ፓኮ የግማሽ ጨውና የግማሽ ግሉኮስ ዋስትና የለውም።

ፓኮው በማይገኝበት ሰዓት፣ ጤና ኬላ እስኪደረስ፣ በቤት ባለ ስኳርና ጨው መሥራት ይቻላል፤ ልኬቱም አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ማንኪያው አይከመር፤ በቢላ ጀርባ ጠረግ አድርገው ከአፉ ጋር ያስተካክሉት። ስድስት የሆነበትን ምክንያት በስሌት ማየት ደስ ይላል። ስድስት ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 25 ግራም ይመዝናል። የገበታ ስኳር አንጀት ላይ ሲደርስ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ግሉኮስ ግማሹ ፍሩክቶስ ይሆናል። ፍሩክቶሱ በራሱ ሌላ በር ይሄዳል፤ ለእኛ በር የሚተርፈው ወደ 13 ግራም ግሉኮስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር በአንድ ሊትር የሚያስገባው ግሉኮስ ስንት ነው ቢሉ 13.5 ግራም ነው። ጨዉም እንደዚሁ ነው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሦስት ግራም ያህል ሲሆን ፓኮው ውስጥ ያለው የገበታ ጨው 2.6 ግራም ነው። ቤት የተሠራው ግን ከፓኮው የሚያንስበት ነገር አለ። ፓኮው 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ አለበት፣ ተቅማጡ አጥቦ የወሰደውን ፖታሲየም ይተካል፤ 2.9 ግራም ሲትሬትም አለበት፣ እሱ ደግሞ ሶዲየም ያክላል፣ የደሙንም አሲድነት ያስተካክላል። ስለዚህ የቤቱ መሸጋገሪያ ነው፤ መብላት ለሚችል ልጅ የተፈጨ ሙዝ ቢያክሉለት ፖታሲየሙን በከፊል ይክሳል። ከመስጠትዎ በፊት ይቅመሱት፤ ከእንባ በላይ ከጨወየ ደፍተው እንደገና ይጀምሩ። ጨው የበዛበት ፈሳሽ ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ከፍ አድርጎ ውሃን ከአንጎል ህዋሳት ይስባል፣ ይህም ልጅን እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሳል። እዚህ ቦታ ስህተት ከባድ ዋጋ አለው።

ለስላሳ መጠጥ ወይም የጭማቂ ፓኬት ስኳርም ውሃም ስላለው ለምን አይበቃም የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ልጆችም ከኦአርኤስ ይልቅ እሱን ይወዳሉ። መልሱ የድንቹ ብርጭቆ ውስጥ አለ። ብዙው ለስላሳ በሊትር 100 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ሶዲየሙ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሙሽራው በዝቶ ሚዜ የለም። በሩ ያላስተናገደው ስኳር አንጀት ውስጥ ይቀራል፣ የቀረው ስኳር ደግሞ እንደ ጨው ብርጭቆው ውሃውን ከሰውነት ወደ ራሱ ይስባል፤ ተቅማጡም ይብሳል። ኦአርኤስ ላይ ለጣዕም የተጨመረ ስኳርም ይህንኑ ያደርጋል። ባዶ ውሃስ? ባዶ ውሃ ለጤነኛ ሰው ይበቃል፤ ጨው ሲፈስበት ለዋለ ሰው ግን የሚከተለው ነገር ስለሌለው በሚገባ አይመጠጥም፤ የተመጠጠውም የደሙን ሶዲየም እያቀጠነ ህዋሳትን ያሳብጣል። ሐኪም ቤት በደም ሥር ባዶ ውሃ ፈጽሞ የማይሰጠው ለዚህ ነው፤ ቀይ የደም ህዋሳት ባዶ ውሃ ውስጥ ሲገቡ አብጠው ይፈነዳሉ፣ በሊትር 9 ግራም ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ግን እንዳሉ ይቆያሉ። በዚህ ሚዛን ጥሩ ቦታ የሚይዘው፣ ጨው ጣል የተደረገበት ስስ የሩዝ አጥሚት ነው። የእህል ስታርች ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ ውሃ የመሳብ ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ አንጀት ላይ ግን ቀስ በቀስ ተሰንጥቆ ግሉኮስ ይሆናል። ሙሽሮቹ በአንዴ ሳይሆን በተራ ይመጣሉ ማለት ነው።

አሰጣጡም ከበሩ ጋር የተያያዘ ነው። በሮቹ ቁጥራቸው የተወሰነ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ሙሉ ብርጭቆ ከማጋት ይልቅ በየደቂቃው ወይም በየሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ መስጠት ይሻላል። ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊሊትር፣ ከሁለት እስከ አሥር ዓመት ላለው ከ100 እስከ 200 ሚሊሊትር ይስጡ፤ ከዚያ በላይ ያለ የፈለገውን ያህል ይጠጣ። የቤትዎ የቡና ስኒ ስንት እንደሚይዝ አስቀድመው ቢያውቁ ይጠቅማል፤ ባለ አምስት ሚሊሊትር የመድኃኒት ማንኪያ ሃያ ጊዜ ሲሆን 100 ሚሊሊትር ነው። ልጁ ካስመለሰ ለአሥር ደቂቃ ቆም ይበሉ፣ ከዚያ ከበፊቱ ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። አስመለሰ ማለት ሁሉም ወጣ ማለት አይደለም፤ በተለምዶ የተወሰነው አልፎ አንጀት ደርሷል። ጡት የሚጠባ ልጅ መጥባቱን ሌሊትም አያቋርጥ። የሚበላም ይብላ። «ሆዱ ይረፍ» ብሎ ምግብ መከልከል አንጀቱን የሚያድሱትን ህዋሳት ማስራብ ነው።

ብዙ እናቶች ኦአርኤስን የሚያቆሙት ተቅማጡን ስላላቆመው ነው፤ ቅሬታው ከልብ ስለሆነ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ኦአርኤስ ተቅማጥ አያቆምም፤ እንዲያቆም የተሠራም አይደለም። የጎርፉን በር የሚዘጋው ሰውነት ራሱ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ፤ ኦአርኤስ እስከዚያ ድረስ የሚወጣውን ይተካል። መለኪያው እንግዲህ የዳይፐሩ ወይም የጨርቁ ብዛት ሊሆን አይገባም፤ ልጁ ሸንቷል ወይ? ዓይኑ መለስ ብሏል ወይ? ምላሱ ረጥቧል ወይ? እነዚህን ይጠይቁ። ሌላው ጥያቄ «ጉሉኮስ አይሻልም?» የሚለው ነው። ሰዉ ጉሉኮስ የሚለው በደም ሥር የሚንጠለጠለው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ፈሳሽ ነው፤ ራሱን ለሳተ ወይም መጠጣት ላቃተው ሰው አማራጭ የለውም፣ መዘግየትም አያስፈልገውም። መጠጣት ለሚችለው ግን መርፌው የሚያደርሰውን ውሃ የአንጀቱ በር ያደርሳል፤ ያለ ኢንፌክሽን ስጋት፣ ያለ ወረፋ። ቦንጋኦን ያሳየው ይህንን ነው።

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ ሌላ ነው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ቀመሩን ከለወጡት ልኬቱ እንዴት እንዲህ የማይነካ ይሆናል? እውነት ነው፣ ለውጠውታል። በ1975 የወጣው ቀመር በሊትር 20 ግራም ግሉኮስ ነበረበት፤ የሟሙት ቅንጣቶች ድምርም በባለሙያዎቹ ልኬት 311 ነበር፤ የሰው ደም 290 ገደማ ነው። ማለትም የመጀመሪያው ኦአርኤስ ከደም ትንሽ ይበልጥ ነበር፣ በጥቂቱም ቢሆን ወደ ጨው ብርጭቆው ያደላ ነበር። በ2002 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ጨዉንም ግሉኮሱንም ቀንሰው ድምሩን ወደ 245 አወረዱት፤ ሶዲየሙና ግሉኮሱም በዚያው ልኬት እኩል 75፣ 75 ሆኑ። በልጆች ላይ በተደረጉት ጥናቶች ተቅማጡና ትውከቱ ቀነሰ፤ በኋላ በደም ሥር ፈሳሽ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ቁጥርም በሲሶ ያህል ወረደ። የተለወጠው ከሩብ ያነሰ ነው፤ ውጤቱ ግን በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ታየ። ይህን ያህል ለውጥ ይህን ያህል ካመጣ፣ አንድ ፓኮ በግማሽ ሊትር ውሃ የበጠበጠ ሰው ያደረገውን ያስቡት፤ ድምሩን ወደ 490 አድርሶታል፣ ከደም እጅግ በላይ። ቀመሩ መለወጡ ልኬት ዋጋ እንዳለው እንጂ እንደሌለው አያሳይም።

ከኦአርኤሱ ጋር ዚንክ ይሰጣል፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን በቀን 10 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ላለ ልጅ 20 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀናት። እንክብሉን በማንኪያ ላይ በትንሽ ውሃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት አሟሙተው ይስጡ፣ ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘውን ቀን ይጨርሱ። ልጁ ከፈዘዘ ወይም ለመንቃት ካቃተው፣ መጠጣት ካልቻለ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይነ ምድሩ ላይ ደም ከታየ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ለመመለስ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ከወጣው፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ መጠጣት የሚችል ከሆነ በመንገድ ላይ ማንኪያውን አያቋርጡ። በምግብ እጥረት በጣም የከሳ ወይም እግሩ ያበጠ ልጅ ለብቻው የሚታይ ነው፤ የህዋሶቹ ፓምፕ ስለተዳከመ የሶዲየም ሚዛኑ ሌላ ነው፣ የሚሰጠው ፈሳሽም የተለየ ስለሆነ ከመጀመሪያው ባለሙያ ይየው። የተበጠበጠውን ኦአርኤስ ከድነው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስቀምጡ፤ የበጠበጡበትን ሰዓት ይጻፉ፣ 24 ሰዓት ከሞላው የተረፈውን ይድፉ፣ ጠርሙሱን አጥበው እስከዚያው ምልክት ድረስ እንደገና ይሙሉ።